ሰባት አመት፣ አራት እንጉዳይ

ዝናብ ሁለት ቀን ተከታትሎ ሲጥል ስልኬ ይጨናነቃል። ሁሉም የእንጉዳይ ፎቶ ነው፣ ሁሉም ከላይ የተነሳ ነው፣ ከፎቶው ስር ደሞ አንዲት ጥያቄ፦ «ይሄ ይበላል?» በቃ። ሰላምታ እንኳን የለውም። የኔም መልስ ሁሌ አንድ ነው፣ ገልብጠው፣ ከዛ ከነስሩ ቆፍረህ አውጣውና እንደገና አንስተህ ላክልኝ እላለሁ። አብዛኛው ሰው አይመለስም። ወይ ሰንፎ ትቶታል ወይ በልቶታል፣ የትኛው እንደሆነ ላለማሰብ ስልኬን ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ።

እንጉዳይ ለቀማ ከጀመርኩ ሰባተኛ አመቴ ነው። በነዚህ ሰባት አመታት ውስጥ ማንንም ሳልጠይቅ ብቻዬን ለቅሜ ብቻዬን ወስኜ አብስዬ ምበላቸው እንጉዳዮች አራት አይነት ናቸው። አራት ብቻ። ይሄን ስናገር ሰው ይስቃል፣ «ታድያ ሰባት አመት ሙሉ ምን ስትሰራ ነበር?» ይሉኛል። ስፈራ ነበራ! ደሞ ፍርሃቱ እንዲሁ የመጣ አይደለም፣ ምክንያት አለው፣ እሱን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው አመት ላይ ነው። በጠዋት ወጣሁ፣ ሳሩ ገና አልደረቀም፣ ሰፊ ሜዳ ነው፣ ጫፉ ላይ ትልልቅ የኦክ ዛፎች አሉ። ሜዳው ላይ ነጭ ነጭ እንጉዳይ ፈልቷል። አጋሪከስ ሚባለው ነው፣ ታሽጎ ሚሸጠው የነጩ እንጉዳይ የዱር ዘመድ፣ ከቆቡ ስር ሮዝ ሆኖ ሲያረጅ ወደ ቸኮሌት ቡኒ ሚቀየረው። ይሄንንማ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቪዲዮ ሳይ ነበር የከረምኩት። አንደኛው ቪዲዮ ላይ ደሞ እንጉዳይ አይነቀልም፣ በቢላ ነው ሚቆረጠው፣ ካልሆነ ድጋሚ አይበቅልም ሲል ሰምቼ ትንሽዬ ቆንጆ ቢላ ይዤ ነበርና እንደ ባለሙያ ከመሬት እኩል እያረኩ ቀሰስ ቀሰስ ቆረጥኩ፣ ቅርጫቱ ሞላ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ደስ አለኝ።

ከዛ ጋሼ ጋ ወሰድኩት። ጋሼ ምላቸው በእድሜ አባቴ ሚሆኑ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ እንጉዳይ ሲለቅሙ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ስማቸውን አልጠራም፣ እሳቸውም አይወዱም። መነፅራቸውን አርገው አንድ በአንድ እያነሱ ገልበጥ እያረጉ ማየት ጀመሩ። ዝም ብለው ነው ሚያዩት። አንደኛው ላይ ቆሙ።

«ይሄኛውን ከየት አመጣኸው?»

«ከሌሎቹ ጋር ነው ጋሼ።»

«ከሌሎቹ ጋር ወይስ ከዛፉ ጋር?»

ወደ ዛፉ ጠጋ ያለ ነበር መሰለኝ አልኩ። ከቆቡ ስር ያለውን አሳዩኝ። ሌሎቹ ሮዝ ናቸው፣ ይሄኛው ነጭ ነው። ንፁህ ነጭ።

«እግሩስ የት አለ?»

«ቆርጬዋለሁ።»

«የቆረጥከውማ ይታየኛል። የቀረው የት አለ ነው ምልህ።»

የቀረውማ አፈር ውስጥ ነዋ። ጋሼ ምንም አልመለሱም፣ ቅርጫቱን አንስተው ቆሻሻ ውስጥ ደፉት፣ ሁሉንም። ኧረ ሌላው ምን አጠፋ ልል ስል «አብረው ሲንከባለሉ ነው የመጡት፣ የዚህ ስባሪ የቱ ላይ እንደተለጠፈ አንተ ታውቃለህ?» አሉኝና ጫማቸውን ፈለጉ። ተመልሰን ሄድን።

የቆረጥኩበትን ቦታ እየፈለግን በአሮጌ የሾርባ ማንኪያ ቆፈርን። ሜዳው መሀል ያሉት ጉቶዎች ቀላል ናቸው፣ ወደ ታች ቀጠን እያሉ ሄደው አለቁ። ዛፉ አጠገብ ያለው ግን ማንኪያው ሦስት ጣት ያህል ከገባ በኋላ አንድ ያበጠ ነገር ነካ። ጋሼ አፈሩን በጣታቸው ጠራረጉት። እግሩ ከታች እንደ ሽንኩርት አብጧል፣ ያበጠው ደሞ ስስ ነጭ ከረጢት ውስጥ ተቀምጧል፣ የከረጢቱ አፍ የተቀደደ ነው፣ ልክ ጫጩት ሰብሮት የወጣ የእንቁላል ቅርፊት። አየህ አሉኝ፣ «መታወቂያው ይሄ ነው። አንተ ፊቱን ይዘህ መጥተህ ስሙን አፈር ውስጥ ትተኸው ነበር።»

አማኒታ ነበር። ከረጢቱ፣ ነጩ ገጽ (ከቆቡ ስር እንደ መፅሐፍ ገፅ የተደረደሩትን ስስ ነገሮች እኔ ገጽ ነው ምላቸው)፣ እግሩ ላይ እንደ ቀሚስ የተንጠለጠለው ስስ ቀለበት፣ እነዚህ ሦስቱ ከተገናኙ እዛው ቁም ነው። ከአማኒታ ወገን በጣም የታወቀው ገዳይ አማኒታ ፋሎይደስ ይባላል፣ ቆቡ ብዙ ጊዜ ወደ ወይራ አረንጓዴ ያደላል፣ ግን ፈዛዛ ሆኖም ነጭ ሆኖም ይመጣል፣ ዝናብም ቀለሙን ያጥበዋል፣ ስለዚ በቀለም አትመኑ። በዓለም ላይ በእንጉዳይ መርዝ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹን ሚገድለው እሱ ነው። አንድ መካከለኛ ፍሬ ትልቅ ሰው ለመግደል ይበቃል።

ውስጡ ያለው መርዝ አማቶክሲን ይባላል። ሴሎቻችን ፕሮቲን ለመስራት ትእዛዙን ከዲኤንኤ ላይ ሚገለብጥላቸው አንድ ኢንዛይም አለ፣ መርዙ እሱን ነው ሚያስቆመው፣ ስለዚ ሴሉ ያለውን ጨርሶ ይሞታል፣ በተለይ የጉበት ሴል። መቀቀል አያጠፋውም፣ መጥበስ አያጠፋውም፣ ማድረቅም ፍሪዘር ውስጥ መክተትም ምንም አያረገውም። በ2023 (ምጠራቸው አመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አውስትራሊያ ቪክቶሪያ ውስጥ አንድ የምሳ ግብዣ ላይ ሦስት ሰው የሞተው በዚሁ እንጉዳይ ነው፣ ያኛውማ ስህተት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ብሎ ፍርድ ቤት በ2025 ወስኗል፣ ማስረጃ ሆነው ከቀረቡት እቃዎች አንዱ የምግብ ማድረቂያ ማሽን ነበር። ደርቆም ያው ነው ማለት ነው።

ምን ያስፈራኛል መሰላችሁ፣ ሰአቱ። በልተህ ስድስት ሰአት፣ አስራ ሁለት ሰአት፣ አንዳንዴ ሃያ አራት ሰአት ድረስ ምንም የለም። ጣፍጦሃል (የተረፉ ሰዎች ይጣፍጥ ነበር ነው ሚሉት)፣ ተኝተህ አድረሃል። ከዛ ትውከትና ውሃ የሆነ ተቅማጥ ይጀምርሃል፣ ያጣድፍሃል። ከዛ ደሞ ተሻለህ! በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ሆድህ ይረጋል፣ ሰው እግዜር ይመስገን ብሎ ሀኪም ቤት መሄዱን ይተዋል፣ ሄዶ የነበረም ሀኪሞቹ እንጉዳይ መብላቱ ካልተነገራቸው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጉበቱ ሚሞተው ግን በነዛው ቀናት ውስጥ ነው። አይኑ ቢጫ መሆን ሲጀምር ምርጫው ጠቦ ጠቦ የጉበት ንቅለ ተከላ ጋ ሊደርስ ይችላል። ስለዚ ዱር የለቀመውን በልቶ ከስድስት ሰአት በኋላ ያስመለሰው ሰው እስኪሻለው መጠበቅ የለበትም፣ ሲሻለውም መመለስ የለበትም። የተረፈውን እንጉዳይ፣ የተላጠውን፣ የተጣለውን፣ ካለም ያስመለሰውን ጭምር ይዞ መሄድ። እና ቶሎ የጀመረህ ከሆነ ደሞ ቀላሉ ነው ብለህ አትዘናጋ፣ ቅርጫት ውስጥ ሁለት አይነት ተቀላቅሎ ከነበረ ቀላሉ ቀድሞ ያስመልስህና ከባዱ ከኋላ እየመጣ ነው።

አሁን ወደ አይናችን ልምጣ። በጣም ሚያሳዝነኝ ነገር ቢኖር በዚህ እንጉዳይ ሚጠቁት ብዙዎቹ ጀማሪ አለመሆናቸው ነው። ያውቃሉ እኮ! ግን ያወቁት ሌላ ቦታ ነው። በ2011 የመጨረሻ ቀን አውስትራሊያ ካንቤራ ውስጥ ለፈረንጆች አዲስ አመት ዋዜማ እራት ተሰርቶ ሁለት ሰው ሞቷል፣ አንደኛው በሙያው ምግብ አብሳይ ነበር፣ ከቻይና የመጣ። እስያ ውስጥ በብዛት ሚበላ ቮልቫሪየላ ሚባል የሩዝ ገለባ ላይ ሚበቅል እንጉዳይ አለ፣ እሱም ከታች ከረጢት አለው፣ በልጅነቱ ከአማኒታ ጋር በጣም ይመሳሰላል። በ2015 ደሞ ጀርመን ውስጥ ስደተኞች ሀገራቸው ከሚያውቁት ጋር አመሳስለውት ብዙዎች ተመርዘው ሆስፒታሎች በየቋንቋው ማስጠንቀቂያ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አይን የሰለጠነበትን ነው ሚያየው፣ ሀገር ቀየርክ ማለት እንደገና ከዜሮ ነው ምትጀምረው። እንጉዳዩ ራሱም ይሰደዳል ደሞ፣ ፋሎይደስ የአውሮፓ ነው፣ ከዛፍ ችግኝ ስር ጋር ተጣብቆ ነው ሰሜን አሜሪካም አውስትራሊያም ደቡብ አፍሪካም የገባው። የትናንት ካርታ አይሰራም።

ስለ ምልክት ሚወራውን ነገር በአንድ ትንፋሽ ልጨርሰው ምክንያቱም ያናድደኛል። የብር ማንኪያ ከጠቆረ መርዝ ነው ይባላል፣ ውሸት ነው። ነጭ ሽንኩርት ቀለሙን ከቀየረ፣ ውሸት። ትል ወይም ቀንድ አውጣ ከበላው ለሰውም ይሆናል ሚባለው ደሞ ከሁሉም የባሰ ውሸት ነው፣ ቀንድ አውጣ ፋሎይደስን በልቶ ደህና ይሄዳል፣ ጉበትህ የቀንድ አውጣ አይደለም። ቆቡ ከተላጠ ይበላል፣ ውሸት። እንጨት ላይ የበቀለ ሁሉ ደህና ነው፣ ጋለሪና ሚባል ትንሽዬ ቡኒ እንጉዳይ እንጨት ላይ ነው ሚበቅለው፣ የያዘው መርዝ ያው አማቶክሲን ነው። መጥፎ ሽታና መራራ ጣእም ያስጠነቅቃል፣ ይጣፍጥ ነበር አላልኩም? ባንፃሩ እዚህ የጠራኋቸውን በመንካት ማንም አይመረዝም፣ ስለዚ ነካክታችሁ፣ ቆፍራችሁ፣ ሰንጥቃችሁ ለማየት አትፍሩ፣ መፍራት ያለባችሁ አፋችሁን ነው።

እና ምንድነው ማየው? መጀመሪያ የት እንደቆመ። ከአፈር ነው ከእንጨት፣ ከእንጨት ከሆነ በህይወት ያለ ነው የሞተ፣ ዙሪያው ምን ዛፍ አለ። ብዙ እንጉዳይ ከዛፍ ስር ጋር ተጣምሮ ነው ሚኖረው፣ የተቀበረ ስር ወይም ጉቶ ላይ የበቀለ ደሞ ከአፈር የወጣ መስሎ ያታልላል። ከዛ ማንኪያዬን አወጣለሁ፣ ከነስሩ። ቢላዋን ምን አረከው ለምትሉኝ፣ የመቁረጡ ወሬ መሰረት የለውም፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ከ1975 ጀምሮ ለ29 አመት ደን ውስጥ አንዱን ክልል እየነቀሉ አንዱን እየቆረጡ ሲያወዳድሩ ቆይተው ለውጥ የለውም ነው ያሉት፣ መነቀሉም መቆረጡም ያው ነው። ሚጎዳው ይልቅ መሬቱን መረጋገጥ ነው፣ በዛ አመት ሚወጣውን ይቀንሰዋል። ምናየው ፍሬውን ነው፣ ዋናው አካል ማይሲሊየም ሚባለው እንደ ክር አፈር ውስጥ የተዘረጋው ነው። ስለዚ ቆፍራችሁ እዩና ቀዳዳውን በቅጠል መልሳችሁ ሸፍኑት፣ በቃ።

ቤት ስገባ ምሰራው ስራ ደሞ አለ፣ ይሄንን ከሁሉም እወደዋለሁ። የስፖር አሻራ (ስፖር ማለት እንጉዳይ ሚራባበት፣ እንደ ዘር ያለ ደቃቅ ዱቄት ነው)። እግሩን ቆርጬ ቆቡን ፊቱን ወደ ታች አርጌ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ አስቀምጣለሁ (ነጭ ብቻ ካረጋችሁት ነጭ ስፖር አይታያችሁም፣ እኔ አንዴ ምንም አልወጣም ብዬ ጥዬዋለሁ፣ ወጥቶ ነበር)፣ ቆቡ አናት ላይ አንድ ጠብታ ውሃ፣ ከላይ ኩባያ እደፋበታለሁ፣ አድሮ ጠዋት አነሳዋለሁ። ቀስ ብላችሁ ስታነሱት ወረቀቱ ላይ የገጾቹ መስመር አንድ በአንድ በዱቄት ተስሎ ታገኙታላችሁ፣ ከመሀል ወደ ዳር፣ እንደ ፀሐይ ጨረር። የቀለሙ ጉዳይ ነው ቁም ነገሩ። አጋሪከስ ቸኮሌት ቡኒ ይሰጣል፣ አማኒታ ነጭ። ያን ቀን እንዲህ አርጌ ቢሆን ኖሮ ቢላዬም አያጋልጠኝም ነበር። ጋለሪና የዛገ ብረት ቀለም ይሰጣል። ሳር ላይ ሚበቅል ክሎሮፊለም ሚባል ትልቅ ነጭ እንጉዳይ አለ፣ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ሚያስመልሰው እሱ ነው፣ በብዙ ሞቃት ሀገር ይገኛል፣ አሻራው አረንጓዴ ነው፣ አረንጓዴ ያየ አይሳሳትም።

አራቱን ልንገራችሁ በቃ፣ ግን ሄዳችሁ እንድትለቅሙ አይደለም።

አንደኛዋ ቻንተሬል ናት፣ የእንቁላል አስኳል የመሰለች ቢጫ፣ አፈር ላይ ነው ምትበቅለው፣ ስታሸቷት ፍራፍሬ ፍራፍሬ ትላለች፣ አፕሪኮት። ከስሯ ያለው ገጽ አይደለም፣ ይሄ ነው ዋናው፣ ሰም ቀልጦ እንደወረደ ደንዘዝ ያለ መስመር ነው፣ እየተከፋፈለ ወደ እግሯ ይወርዳል፣ በጥፍር ብትገፉት ከስጋው አይለይም። ስትሰነጠቅ ውስጧ ነጭ ነው። ከሷ ጋር ሚምታታው ጃክ ኦ ላንተርን ሚሉት ብርቱካንማ እንጉዳይ እውነተኛ ገጽ አለው፣ ስል፣ እንደ ወረቀት ጠርዝ፣ እንጨት ላይ በጅምላ ተያይዞ ነው ሚወጣው፣ ውስጡም ብርቱካን ነው። አይገድልም፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ያስለቅሳል። ጨለማ ውስጥ ትንሽ ያበራል ደሞ፣ አንዴ አንዱን ቁም ሳጥን ውስጥ ይዤ ገብቼ ሩብ ሰአት ቁጭ ብያለሁ፣ አይኔ እስኪለምድ፣ ከዛ እውነትም ገጾቹ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ በሩ። ቤተሰብ በሩን ከፍቶ ምን ያረጋል ይሄ ልጅ አለ።

ሁለተኛው ኦይስተር ነው፣ እሱን ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ የሞተ ግንድ ላይ እንደ መደርደሪያ ተደራርቦ። ሦስተኛው ትልቁ ፑፍቦል ነው፣ ከሰው ጭንቅላት ሊበልጥ ሚችል ነጭ ኳስ፣ እሱን ከጫፍ ጫፍ ለሁለት መሰንጠቅ ግዴታ ነው፣ ውስጡ እንደ ዳቦ አንድ ወጥ ነጭ ከሆነ ደህና፣ ቢጫ ካለበት አርጅቷል፣ ትንሽ ሆኖ ደሞ ስትሰነጥቁት ውስጡ የትንሽ እንጉዳይ ጥላ፣ ቆብና እግር ምናምን ከታያችሁ እሱ ፑፍቦል ሳይሆን ገና ከእንቁላሉ ያልወጣ አማኒታ ነው። ትንንሾቹን እኔ አልለቅምም፣ ኳስ ካላከለ አልነካውም። አራተኛው ቦሌተስ ነው፣ ከስሩ በገጽ ፈንታ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ እግሩ ላይ ነጭ የመረብ ምልክት ያለበት። የስፖንጁ ቀለም ቀይ ከሆነ ወይም ሲቆረጥ ሰማያዊ ከሆነ እተወዋለሁ፣ ከነሱ ውስጥ ሚበሉ አሉ፣ ይኑሩ።

«አያቴ እኮ እድሜውን ሙሉ ሲበላው ነበር» ለሚሉኝ ሰዎች አንድ ታሪክ አለኝ። ፓክሲለስ ሚባል ቡኒ እንጉዳይ አለ፣ ምስራቅ አውሮፓ ውስጥ ትውልድ ሲበላው ኖሯል። ዩልዩስ ሼፈር የጀርመን የእንጉዳይ ተመራማሪ ነበር፣ ማለቴ ስራው እንጉዳይ የሆነ ሰው፣ በ1944 ይሄንኑ በልቶ ታሞ ሞተ። በኋላ ሲጠና እንጉዳዩ አንዳንድ ሰው ላይ ቀስ በቀስ ሰውነትን ያስቆጣል፣ አስር ጊዜ በልተኸው በአስራ አንደኛው የራስህ መከላከያ ቀይ የደም ሴልህን ማፍረስ ይጀምራል። ትናንት መብላትህ ለዛሬ ዋስትና አይሆንም። ትሪኮሎማ ኢኩዌስትሬ ሚባለው ቢጫ እንጉዳይም እንዲሁ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ለዘመናት ምርጥ ተብሎ ሲበላ ቆይቶ በ2001 የወጣ ጥናት 12 ሰዎች ደጋግመው ብዙ ከበሉ በኋላ ጡንቻቸው እንደፈረሰና ሦስቱ እንደሞቱ አሳየ።

ከሁሉም ሚያስደነግጠኝ ግን ኮርቲናሪየስ ሚባለው የእንጉዳይ ወገን ነው። የተወሰኑት ዝርያዎች ኦሬላኒን ሚባል መርዝ አላቸው፣ ኩላሊትን ነው ሚያጠቃው፣ ምልክቱ ሚመጣው ከቀናት እስከ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው። እስቲ አስቡት፣ ከሦስት ሳምንት በፊት የበላኸውን እራት ማን ያስታውሳል? በ1952 ፖላንድ ውስጥ ከመቶ በላይ ሰው ታሞ 11 ሰው እስኪሞት ምክንያቱ አልታወቀም ነበር፣ እንጉዳይ መሆኑን ያገኙት ቆይተው ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኒኮላስ ኢቫንስ በ2008 ስኮትላንድ ውስጥ ከዘመዶቹ ጋር ይሄንኑ በልቶ ኩላሊቱ ቆሞ ለአመታት በእጥበት ከኖረ በኋላ በ2011 የልጁን ኩላሊት ተቀብሏል።

ፎቶ አይቶ እንጉዳይ ስለሚለይ የስልክ አፕም ምትጠይቁኝ አላችሁ። አውስትራሊያ ውስጥ ሦስት አፖችን በ78 እንጉዳይ ፈትነዋቸው በጣም የተሻለው ራሱ ግማሹን አልሞላም። አፑ ስር አያይም፣ አይቆፍርም፣ አያሸትም፣ አንተ የሰጠኸውን ፎቶ ነው ሚያየው፣ አንተ ደሞ ከላይ ነው ያነሳኸው። ስሙን ለመገመትና ከዛ ለማንበብ ልትጠቀምበት ትችላለህ፣ ለመብላት ግን ሰው ነው ሚያስፈልገው፣ በእጁ ይዞ ሚያገላብጥ ሰው። ስዊዘርላንድ ውስጥ የለቀምከውን ወስደህ ምታሳየው ፈተና ያለፈ የእንጉዳይ ተቆጣጣሪ አለ፣ እንደዚ አይነት ነገር ባለበት የምትኖሩ ከሆነ ተጠቀሙበት። መፅሐፍም ስትገዙ ማን እንደፃፈው እዩ፣ በ2023 ሰው ያልፃፋቸው በኤአይ የተቀናበሩ የእንጉዳይ መለያ መፅሐፎች ኦንላይን ሲሸጡ ተገኝተው ነበር።

ስለ ማብሰል ብዙ አልልም። ጥሬውን አትብሉ፣ ምርጥ ሚባለውም ቢሆን። ሞሬል ሚባለውን እንጉዳይ ውድ ስለሆነ ሁሉም ያምነዋል፣ በ2023 አሜሪካ ሞንታና ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ጥሬውንና በደንብ ያልበሰለውን አቅርቦ 51 ሰው ታሞ ሁለት ሰው ሞቷል። ሞሬልን መስሎ ሚወጣው ጋይሮሚትራ ደሞ በሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ ሚበላ ሚል ቃል አለበት፣ ኤስኩሌንታ፣ መርዙ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ሮኬት ማስወንጨፊያ ነዳጅ ውስጥ ካለው ኬሚካል ጋር አንድ ወደ ሆነ ነገር ይቀየራል፣ ሲቀቀል እንፋሎቱ ራሱ ይመርዛል። ስም ሰጪው አልቀመሰውም መሰለኝ። ኮፕሪኖፕሲስ ሚባል ቀለም እየሆነ ሚቀልጥ እንጉዳይም አለ፣ ብቻውን ይበላል፣ ከበላችሁ በኋላ ባሉት ቀናት ቢራ ከጠጣችሁ ግን ፊታችሁ ይቀላል ልባችሁ ይመታል። 

የራሴ ህግ ባጭሩ፦ አዲስ አይነት ከሆነ ጋሼ ሳያዩት አይበላም፣ ካዩትም በኋላ የመጀመሪያው ቀን ትንሽ ብቻ፣ ሁለት ማንኪያ፣ ከሌላ እንጉዳይ ጋር ሳይቀላቀል፣ አንድ ሙሉ ፍሬ ሳይበስል በወረቀት ተጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን ይቀመጣል፣ ድንገት ሀኪም ቢጠይቅ ሚታይ። ላስቲክ አልጠቀምም፣ ያልበዋል ያበሰብሰዋል። መንገድ ዳር፣ ፋብሪካ አጠገብ፣ መድሃኒት የተረጨበት ሳር ላይ አልለቅምም፣ እንጉዳይ ከአፈር ውስጥ ሄቪ ሜታል (እንደ እርሳስ ያለ መርዛማ ብረት) ይሰበስባል። ለልጅና ለነፍሰ ጡር አልሰጥም። ለእንግዳም አላቀርብም ሳልነግር፣ ሰው መርጦ ይብላ።

አምስተኛ ልጨምር ስሞክር ሦስተኛ አመቴ ነው። ብሉዊት ሚሉት ሐምራዊ እንጉዳይ፣ ብርድ ሲጀምር የረገፈ ቅጠል መሀል በክብ ክብ ይወጣል፣ ሲያዩት ያሳሳል። ችግሩ ሐምራዊ ኮርቲናሪየስም አለ፣ በአይን ይሄ ነው ብዬ መለየት አልቻልኩም፣ ሚለያቸው አሻራቸው ነው፣ ብሉዊት ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው ሚሰጠው፣ ኮርቲናሪየስ ዝገት። አምና የወሰድኳቸው በሙሉ ዝገት ሰጡኝ። ባለፈው ሳምንት አራት ፍሬ ከአንድ ክብ ውስጥ አወጣሁ፣ ተያይዘው የቆሙ፣ እህትማማች ሚመስሉ፣ ከነስራቸው ቆፍሬ፣ አሽትቼ፣ ማታ አራት ኩባያ ደፋሁባቸውና ተኛሁ። ጠዋት ቡና ሳልጠጣ ነው የሄድኩት። የመጀመሪያው ሮዝ ነው። ሁለተኛው ሮዝ። ሦስተኛው ሮዝ፣ ልቤ መዝለል ጀመረ። አራተኛውን ኩባያ አነሳሁ፣ ዝገት።

ጋሼ ደወሉ ከሰአት ላይ፣ ሁሌ እንደሚጠይቁት ጠየቁኝ፣ «ስንት ደረሱልህ?»

አራት አልኳቸው። አሁንም አራት።